ዲጂታይዘር፦ የስልክ ስክሪን «ንክኪ ዳሳሽ»

«ስክሪኑ ተሰብሯል» ብሎ ስልኩን የሚያስረክብ ደንበኛና «እንቀይረዋለን» የሚለው ጠጋኝ ብዙ ጊዜ የሚነጋገሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም። ለደንበኛው የሚታየው የተሰነጠቀ መስታወት ነው። ጠጋኙ የሚያስበው ሙሉውን ስክሪን ነቅሎ ስለ መተካት ነው። በኦሌድ ስልኮች ላይ በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ብዙ ሺህ ብር ነውና ነገሩን ለይቶ ማወቅ ኪስን ያድናል።

ስክሪን የምንለው ተደራርበው የተጣበቁ ሦስት ዋና ክፍሎችን ነው። ከላይ ጣታችን የሚያርፍበት መስታወት አለ። ከሥር ምስሉን የሚፈጥረው ማሳያ አለ፤ እሱም ወይ ኤልሲዲ ነው ወይ ኦሌድ። ኤልሲዲ የራሱ ብርሃን ስለሌለው ከኋላው መብራት ይፈልጋል፤ በኦሌድ ግን እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ያበራል። ሦስተኛው ክፍል ጣት የት እንዳረፈ የሚለየው ነው። ግልጽ ስለሆነ ዓይን አያየውም። በእንግሊዝኛ ዲጂታይዘር ይባላል።

ስሙ ከዘመናዊ ስልክ በፊት የነበረ ነው። መሐንዲሶችና ካርታ ሠሪዎች ወረቀት ላይ ያለውን መስመር እየተከተሉ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡበት ሰሌዳ ዲጂታይዘር ይባል ነበር፤ ቦታን ወደ ቁጥር ስለሚለውጥ። የስልኩም ክፍል ሥራው ያው ነው። በእኛ ጥገና ቤቶች ግን የተለመደው ስም «ታች» ነው፤ «ተች» የሚሉም አሉ። በአፍ ሲነገር ያግባባል። ደረሰኝ ላይ «ታች ተቀይሯል» ተብሎ ሲጻፍ ግን «ሥር» ከሚለው ከራሳችን «ታች» አይለይም፤ ክፍሉ ደግሞ ከማሳያው ሥር አይደለም። ዲጂታይዘርን ቃል በቃል «ቁጥር አድራጊ» ብንለውም ለደንበኛው ምንም አይነግረውም። እኔ የምመርጠው «ንክኪ ዳሳሽ» የሚለውን ነው። «ዳሳሽ» በቴክኒክ ጽሑፎቻችን ለሴንሰር ሲያገለግል ቆይቷል፤ መዳሰስም ሳያዩ በንክኪ መለየት ነው፤ ዓይነ ስውር ብሬይልን የሚያነበው በጣቱ እየዳሰሰ ነው።

አሠራሩን ማወቅ ብልሽቱን ለመለየት ይረዳል። በአብዛኞቹ ስልኮች ንክኪ ዳሳሹ ኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ከሚባል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ግልጽ ቁስ የተሠሩ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። መስመሮቹ እንደ ሸማ ድርና ማግ ቁልቁልና አግድም ይተላለፋሉ። በየመገናኛቸው ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠራቀማል። የሰው ጣት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሲጠጋ የዚያን ነጥብ መጠን ይለውጠዋል። አንዲት ትንሽ ቺፕ መረቡን በሰከንድ ከስልሳ ጊዜ በላይ እየፈተሸች ለውጡ የት እንደሆነ ታሰላለች። ተራ ጓንት ያጠለቀ እጅ ወይም ጥፍር ስክሪኑን የማያንቀሳቅሰውም ለዚህ ነው። የዚህን ዓይነቱን ንክኪ አሠራር እንግሊዛዊው ኢ. ኤ. ጆንሰን በጽሑፍ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው።

ታዲያ የትኛው ክፍል ነው የተበላሸው? መስታወቱ ተሰንጥቆ ምስሉ ንጹሕ ከሆነ፣ ጣትም በሁሉም ቦታ ከሠራ ጉዳቱ የመስታወት ብቻ ነው። ቀለም እንደፈሰሰበት ያለ ጥቁር ወይም ሐምራዊ እድፍ ከታየ፣ በተለይ በየቀኑ እየሰፋ ከሄደ፣ ማሳያው ራሱ ተሰብሯል። ቀጥ ያሉ ባለቀለም መስመሮች ከማሳያው ወይም ማሳያውን ከስልኩ ቦርድ ጋር ከሚያገናኘው ተጣጣፊ ገመድ (ፍሌክስ) ይመጣሉ። ስልኩ እየጠራ ኤልሲዲው ከጨለመ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ አብርተው በአግድም ይመልከቱት፤ ደብዛዛ ምስል ካዩ የጠፋው የኋላው መብራት ነው። የመብራቱ ችግር ቦርዱ ላይ ሊሆን ስለሚችል ስክሪን ከመግዛትዎ በፊት ይመርመር።

ምስሉ ሙሉ ሆኖ ጣት በአንድ ሰቅ ላይ የማይሠራ ከሆነ፣ ወይም ማንም ሳይነካው መተግበሪያ የሚከፍትና ቁጥር የሚጽፍ ከሆነ ግን ተጠርጣሪው ንክኪ ዳሳሹ ነው። አንድ መተግበሪያ ተጭነው ይያዙና ከጥግ እስከ ጥግ ይጎትቱት፤ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ እየለቀቀ ከወደቀ እዚያ ያለው መስመር ተቋርጧል። በአንድሮይድ ስልክ የገንቢ አማራጮች ውስጥ ደግሞ ጣት የሄደበትን መንገድ በመስመር የሚያሳይ መቆጣጠሪያ አለ። ወደ ጠጋኝ ከመሄድዎ በፊት ግን ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ የስክሪን መከላከያውን ያንሱ፣ እርጥበቱን ያድርቁ። ጥራት የሌለው ቻርጀር የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ረብሻ ብቻውን ስልክ ራሱን እንዲነካ ያደርገዋል፤ በዚህ ምክንያት ደህና ስክሪን የሚያስቀይር ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል።

ቀጣዩ ጥያቄ ንክኪ ዳሳሹ ብቻውን ይቀየራል ወይ የሚለው ነው። በአሮጌና በርካሽ ታብሌቶች፣ በመሠረታዊው አይፓድም፣ ከላይ መስታወቱ ጋር ተጣብቆ ከማሳያው ተለይቶ ስለሚቀመጥ ይቻላል። በአብዛኞቹ ዘመናዊ ስልኮች ግን አይቻልም። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ጋላክሲ ኤስ ላይ ንክኪ ዳሳሹን ከማሳያው ጋር አዋሐደው፤ አፕል በ2012 በአይፎን 5 ማሳያው ውስጥ ከተተው። ስልኩ ቀጠነ፣ ምስሉ ወደ ጣት ቀረበ፤ ጥገናው ግን ከበደ። ስለዚህ በእነዚህ ስልኮች ላይ «ታቹን ብቻ እቀይርልዎታለሁ» ቢባሉ የሚቀየረው በእርግጥ የላይ መስታወቱ ነው። የሞተ ንክኪ በዚያ አይነሳም።

መስታወት ብቻ መቀየር ሙያ የሚጠይቅ፣ የሚከበር ሥራ ነው። ስክሪኑ ይሞቃል፣ መስታወቱ በቀጭን ሽቦ ይላቀቃል፣ አሮጌው ሙጫ ይጸዳል፣ አዲሱ በግልጽ ማጣበቂያ ከተለጠፈ በኋላ የአየር አረፋው በግፊት ማሽን ይወጣል። ሽቦው ትንሽ ከሳተ ቀጭኑ ኦሌድ ይሞታል። ማሽኑ የሌለው ሰው ባይሞክረው ይሻላል።

ሙሉ ስክሪን ሲቀየርም ዓይነቱን ይጠይቁ። ኦሌድ ይዘው ለተሠሩ ስልኮች፣ ለምሳሌ ለአይፎን ኤክስ፣ በገበያ «ኢንሴል» እየተባለ የሚሸጥ ርካሽ ኤልሲዲ አለ። ይሠራል፤ ነገር ግን ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ባትሪም ይበላል። የጣት አሻራን ከማሳያው ሥር በብርሃን በሚያነቡ ስልኮች ላይ ደግሞ ኤልሲዲ ከተገጠመ አሻራ ማንበቢያው ሥራ ያቆማል። ይህን አውቆ በዋጋው ምክንያት መምረጥ የደንበኛው መብት ነው። ሳይነገረው መግጠም ግን ማታለል ነው።

የጥገና ባለሙያዎች ሆይ፣ ደረሰኝ ላይ «ስክሪን» ብላችሁ አትለፉት። መስታወት፣ ንክኪ ዳሳሽ ወይስ ማሳያ እንደተቀየረ፣ ማሳያውም ኤልሲዲ ይሁን ኦሌድ ጻፉ። ደንበኞችም አዲሱ ስክሪን ሙጫ ከመቀባቱ በፊት በፍሌክሱ ተገናኝቶ ምስሉና ንክኪው በፊታችሁ እንዲፈተሽ፣ የተነቀለው አሮጌ አካልም እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።