የሚጥል በሽታና የዘር ጥያቄ

በአገራችን ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ከዚሁ ጋር በስተጓሮ ሌላ ምርመራ ይደረጋል፤ ይኸውም በዘሩ ቁምጥና ወይም የሚጥል በሽታ አለ ወይ የሚል ነው። ነገሩ የገጠር ብቻ አይደለም፤ በመስቀል ፍላወርና በካዛንቺስ ባሉ ቤቶችም ይሰማል። «የዘር በሽታ» መባል ቤተሰቡን በሙሉ ከጋብቻ ሊያስቀር ስለሚችል፥ የታመመውን መደበቅ ተለምዷል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ሳይንስ ይህን ፍርድ ምን ያህል ደግፎታል የሚለውን ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለጥያቄው በቁጥር መልስ ከሰጡት አንዱ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። በ1980ዎቹ ከባልደረቦቻቸው ጋር በቡታጅራ አካባቢ ከቤት ወደ ቤት በተደረገ ጥናት 60,820 ሰዎች ተመረመሩ፤ 316ቱ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ይህም ከ1,000 ሰው 5 ያህል ነው። ውጤቱ በ1990 ታተመ። በሆስፒታል መዝገብ ብቻ ቢወሰኑ ኖሮ እነዚህን ሕሙማን ባላገኟቸው ነበር፤ ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት ከ100 ሁለት እንኳ አይሞሉምና። አብዛኞቹ ጠበል፥ ክታብና የአገር መድኃኒት ሲሞክሩ ኖረዋል፤ በሽታው ሲጥላቸው እሳት ላይ ወድቀው የተቃጠሉም ነበሩ።

ስለ ዘር የተገኘው እነሆ፤ በዘመዶቻቸው መካከል ሌላ ታማሚ ያላቸው ከአምስት አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ። ዘመድ ሳይታመምም ዘረ መል ሊሠራ እንደሚችል አንዘነጋም። ቢሆንም መንደሩ እንደሚያስበው በሽታው በየቤቱ በትውልድ የሚወርድ ሆኖ አልተገኘም።

የበለጠ የሚያስተምረን ግን የጓያው ነገር ነው። በደምቢያና በፎገራ ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው እግሩ ሲሰንፍ፥ ጎረቤት «በዘራቸው ነው» ለማለት ምንኛ ይቀለዋል! እኒሁ ሐኪም ከተመራመሩበት ከዚህ ደዌ በስተኋላ ያለው ግን በድርቅ ዘመን ሌላ እህል ሲጠፋ ለወራት የሚበላው ጓያና በውስጡ ያለው ነርቭን የሚጎዳ መርዝ ነው። አንድ ቤት የሚጋራው ደም ብቻ አይደለም፤ ማዕድም ይጋራል።

ዘረ መልን በቀጥታ ማንበብ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ2014 ከስኪዞፍሬንያ ጋር የተያያዙ 108 የዘረ መል ሥፍራዎች ሲታወቁ፥ የተመረመሩት ከሞላ ጎደል የአውሮፓ ተወላጆች ነበሩ። ይህን ጉድለት ለመሙላት ኒውሮጋፕ የተባለው ጥናት በ2018 በኢትዮጵያ፥ በኬንያ፥ በዩጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ሰዎችን መመዝገብ ጀመረ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ተካፋይ ነው። ዕቅዱ ከ17,000 ሕሙማንና ከ17,000 ጤነኞች ምራቅ መሰብሰብ ነበር። ፈቃድ የሚጠየቀው ሰው ግን ያ በሽተኛውን የሚደብቀው ቤተሰብ ልጅ ነው፤ «ዘረ መል» የሚለው ቃል ራሱ «ዘር»ን ይዞበት ይመጣል።