ስድስቱ ውድቀቶች

የማሕሌታይ ያሬድ ታሪክ ለሕፃናት ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ የሚወደሰው ሰባተኛው ሙከራ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ብላቴና ትምህርት አልገባው ብሎ፣ የመምህሩን የጌዴዎንን ቁጣ ሸሽቶ ሲሄድ ከዛፍ ሥር ዐረፈ፤ አንዲት ትል ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አየ፤ ተመልሶም የዜማ አባት ለመሆን በቃ። ትውፊቱ ግን ውድቀቶቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ማቆየቱ፣ ኮብላዩም ሲመለስ መምህሩ እንደገና የተቀበሉት መሆኑ ብዙም አይነሣም። ለሕፃናት ትምህርት ይበልጥ የሚበጀው ይኸኛው የታሪኩ ወገን ነው።

የቄስ ትምህርት ቤት አሠራርም ከዚህ የራቀ አልነበረም። አለንጋው አይካድም፤ ስንቱን ሕፃን ያስኮበለለው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ፊደል ያልለየ ልጅ ‹‹ወደቀ›› ተብሎ ከባልንጀሮቹ አይነጠልም። ቀድሞት የሄደው ተማሪ አጠገቡ ተቀምጦ እያስጠናው፣ ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብም ወደ ዳዊት በራሱ እርምጃ ይሻገራል። ዳዊት የደገመ ዕለት ደግሞ ቤተሰቡ ይደግስለታል።

ዘመናዊው ትምህርት ሲስፋፋ ሌላ ፈተና ተከተለ፤ ሳይንስና ኪነ ጥበብ ተለያይተው፣ ልጅ ገና በጠዋቱ አንዱን አንሥቶ ሌላውን እንዲጥል ይጠበቅበት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1932 በአንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ በልጅነታቸው በግድግዳ ላይ ይሥሉ ነበር፤ በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት ግን የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነው። በሌይተን ፓርክ ትምህርት ቤት በሒሳብና በኬሚስትሪ ብርቱ ሆነው ሳለ መምህራኑ የሥዕል ተሰጥዎአቸውን አስተውለው አበረታቷቸው፤ በኋላም ለንደን ወደሚገኘው ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። መንገድ መለወጣቸው እንደ ውድቀት ተቆጥሮባቸው ቢሆን ኖሮ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የመስተዋት ሥዕል ባልታየ ነበር። መስተዋት ቀለሙን የሚያገኘው ከብረታ ብረት ውሁዶች ነውና፣ ኬሚስትሪውም ቢሆን ከሠዓሊው ሙያ የራቀ አልነበረም።

ሳይንስ ራሱ የውድቀት መዝገብ ያለው ነው። ለዚህ በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ የሚያድግ ልጅ ሩቅ መሄድ አያሻውም። ከመማሪያ መጽሐፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው የተሳካውን ግኝት ነው፤ ያልተሳካው ግን ከሰፈሩ አጥር ማዶ፣ በዘነበወርቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 በአለርት ሆስፒታል ግቢ የተቋቋመው፣ የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶችም በምሥረታው የተሳተፉበት አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ስሙን የወሰደው በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። ሐንሰን ባክቴሪያውን በቤተ ሙከራ ለማራባት ደጋግሞ ቢሞክር አልሆነለትም። ከእርሱ በኋላ የመጡትም አልሆነላቸውም፤ ከ150 ዓመት በኋላ ዛሬም በሰው ሠራሽ ምግብ ሊያሳድገው የቻለ የለም። ተመራማሪዎች ግን ሌላ መንገድ ፈለጉ፤ በ1960 በአይጥ መዳፍ ውስጥ ማራባት ተቻለ፤ መድኃኒትን መፈተሽም በዚያ ቀለለ። የዓለም የጤና ድርጅት በ1981 እንዲሰጥ የመከረው ጥምር መድኃኒት ዛሬ ሕሙማኑን ይፈውሳል።