ደን በሌለበት ሜዳ የደን ባለሙያ መሆን

ከወረታ ወደ ባሕር ዳር በአስፋልቱ ስትጓዙ ግራ ቀኙ ሩዝ ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ውኃ። የፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ ከላይ ከተራራው ባወረዱት አፈር የተሠራ ነው። ዛፍ ካያችሁም ባብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ እሱም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣ እንግዳ። ታዲያ ከዚህ ሜዳ የተነሣ ልጅ «የመንግሥት የደን ባለሙያ እሆናለሁ» ቢል ምኑን ሊጠብቅ ነው?

ሙያው ራሱ ባገራችን ወጣት ነው። የወንዶ ገነት የደን ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ የደንና የዱር አራዊት ጥበቃና ልማት ባለሥልጣን በአዋጅ ተቋቋመ። በ1991 የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ግን በየቦታው የመንግሥት ደን ተጨፈጨፈ። ሕዝቡ የኔ አላለውማ! ከዚያ ወዲህ የደን ሥራ በግብርና ሥር ከረመ፤ በ2013 የራሱ ሚኒስቴር አገኘ፤ ያም አልቆየም።

አሁን ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ውጡ። ኮረብታ ላይ ክብ አረንጓዴ ነገር ካያችሁ ውስጡ ቤተ ክርስቲያን አለ። ወይራው፣ ጥዱ፣ ዋንዛው ደመወዝተኛ ሳይቀጠርለት ዘመናት ተሻግሯል። ብዙዎቻችሁ በ«እመጓ» ደራሲነት የምታውቋቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ናቸው። በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተው 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያ መዝግበዋል። ችግሩ ያለው ከሥር ነው፦ ሽማግሌ ዛፍ ሞልቷል፣ ልጅ ዛፍ ግን የለም። ከብት ችግኙን ይግጠዋል፣ ይረግጠዋል። ከብት እንዳይገባበት በታጠረው መሬት ላይ ግን ችግኙ የተሻለ በቀለ፣ ተረፈም።

ምሕንድስና ስለተማርኩ ይሆናል፣ እኔን የደነቀኝ መፍትሔው ነው፦ የድንጋይ ካብ። ገበሬው ከማሳው ድንጋይ ይለቅማል፣ በደኑ ዙሪያ ይክባል። ማሳውም ጠራ፣ ደኑም ታጠረ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜግ ሎውማን ገንዘብ በማሰባሰብ ረድተዋል።

ወደ ልጃችን እንመለስ። እዚያው ወረታ የግብርና ኮሌጅ አለ። በተፈጥሮ ሀብት የተመረቀ የልማት ሠራተኛ ቀበሌ ላይ ይመደባል፤ ከጎኑ አንዱ የሰብል፣ አንዱ የእንስሳት ባለሙያ ነው። ጠመንጃ የያዘ ደን ጠባቂ እንዳይመስላችሁ። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግልና የማኅበረሰብ ደንንም ያውቃል፤ የቤተ ክርስቲያኑን ደን ደግሞ ማዘዝ አይችልም። ከደብሩ አለቃ ጋር ይቀመጣል፣ ካቡ የት እንደፈረሰ ያያል፣ ክረምቱ ሲወጣ ስንት ችግኝ እንደተረፈ ይቆጥራል። ኮረብታው ላይ ያልተያዘው አፈር በርብ በኩል ወርዶ የአባቱ ሩዝ ላይ ያርፋል።