«ማላመድ»

ቆቦ ላይ «ማላመድ» የሚለውን ቃል ቀድሞ የያዘው የግብርና ባለሙያው ነው። ከሌላ አገር የመጣ የማሽላ ዝርያ ለገበሬው ከመድረሱ በፊት በሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የቆቦ ጣቢያ ይዘራል፤ የራያን ቆላ ሙቀትና ቶሎ የሚቋረጥ ዝናብ ይችል እንደሆነ ይታያል። ያልቻለው ይቀራል።

የጥበብ ሰዎች ደግሞ አንድን የጥበብ ሥራ ወደ ሌላ መልክ ማምጣትን «ውርስ ትርጉም» ይላሉ። ልብ ወለድ የቴሌቪዥን አኒሜሽን ሲሆን ግን «ማላመድ» የተሻለ ይገልጸዋል፤ ቋንቋው ባይቀየርም አፈሩ ተቀይሯልና።

ጃፓናዊቷ ናሆኮ ኡኤሃሺ እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረችው ምናባዊ ተከታታይ ልብ ወለድ «ሞሪቢቶ» ጥሩ ማሳያ ነው። ባለ ጦሯ ባልሳ አንድ ልጅ ልዑል ከሞት የምታተርፍበት የመጀመሪያው መጽሐፍ በ2007 በፕሮዳክሽን አይጂ ስቱዲዮ የ26 ክፍል አኒሜሽን ሆነ። አንድ መጽሐፍ ለ26 ክፍል! ዳይሬክተሩ ኬንጂ ካሚያማ መጽሐፉ ውስጥ የሌሉ ታሪኮችን መጨመር ነበረበት። ባልሳ ግን ያው ጦሯን እንደያዘች፣ ሠላሳ ዓመት የሞላት ሴት ሆና ቀረበች፤ ዝርያው አልጠፋም ማለት ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው የተሠራው ሥራ ሌላ ነው። እሱ ትረካ እንጂ ማላመድ አይባልም።