ስንቅር፦ ብረት ነክሶ የሚይዘው ክር

ሥጋ ጥርሳችን መካከል ገብቶ እንቢ ሲል «ተሰነቀረ» እንላለን። ሙጫ የለውም፣ ያሰረውም የለም፤ ቦታው ጠብቦ ስለያዘው ብቻ አይወጣም። ዛሬ የምናስተዋውቀው ቃል የተገኘው ከዚህ ግስ ነው።

ስንቅር ማለት በአንድ ብረት ገጽ ላይ ቦይ ቀርጾ፣ በቀለም የሚለይ ለስላሳ ብረት በመዶሻ እየመቱ ቦዩ እንዲነክሰው የማድረግ ጥበብ ነው፤ በዚህ መንገድ የተሠራው ጌጥም ስንቅር ይባላል። የሚገባው ወርቅ፣ ብር ወይም መዳብ ሊሆን ይችላል። ሽቦ ሲሆን «የሽቦ ስንቅር» እንለዋለን። እንግሊዝኛው «ኢንሌይ» የሚለው ይህንኑ ነው።

«ቅብ» እና «ልባጥ» እያሉ አዲስ ቃል ለምን አስፈለገ? ሥራው ስለሚለያይ ነው። ቅብ በገጹ ላይ የሚያርፍ ስስ ሽፋን ነው። ልባጥ ደግሞ ቅጠል የመሰለ ብረት ከላይ ማልበስ ነው። ሁለቱም ከገጹ በላይ ናቸው፤ ስንቅር ግን ከገጹ በታች ሥር አለው። በአንዳንድ የአክሱም ነገሥታት የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ላይ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ ወርቅ ይታያል። ያ ድንቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም ወርቁ ስስ ሽፋን እንጂ ቦይ ውስጥ የተመታ ሽቦ ስላልሆነ ስንቅር አንለውም። እ.ኤ.አ. በ1232 በሞሱል ከተማ ሹጃዕ ኢብን መንዓ የሠራው፣ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው የነሐስ ማንቆርቆሪያ ግን ብርና መዳብ የተሰነቀረበት ነው። የስፔኗ ቶሌዶም በዚህ ዓይነት የወርቅ ሥራ ትታወቃለች፤ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ይህ የወርቅ ሥራ የሚጠራበት ስም ከደማስቆ ከተማ የመጣ ነው።

ቃሉን በትክክል የሚረዳው ግን እጁን የሞከረበት ሰው ነው። ስለዚህ መማር ለሚፈልግ አካሄዱን እንንገረው።

ከስንቅር በፊት መቅረጽ ይቀድማል። መሣሪያው በእጅ የሚገፋ ወይም በትንሽ መዶሻ የሚመታ ሹል መሮ ነው። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገረው እጁ ስላልሠለጠነ ሳይሆን መሮው ስለዶለዶመ ነው። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ጫፉን ጥፍርዎ ላይ ቀስ አድርገው ያሳርፉት። ከነከሰ ስለታም ነው፤ ከተንሸራተተ ወደ መሳያው ድንጋይ ይመልሱት። መጀመሪያ በጠፍጣፋ የነሐስ ወይም የመዳብ ቁራጭ ላይ ቀጥተኛ መስመሮችን ደጋግመው ይቅረጹ፤ ቀጥሎ ክብና ጥምዝ። ጥምዝ ሲቀርጹ እጅዎን ሳይሆን የተያዘውን ብረት ያዙሩት። መሮው ሽቅብ ቀጥ ካለ ይቀረቀራል፣ በጣም ከተኛ ይሾልካል፤ ትክክለኛውን ማዘንበል እጅ የሚለምደው በብዙ መስመር ነው። ደጋፊ እጅዎ መቼም ቢሆን ከመሮው ፊት አይሁን፤ ዓይንዎንም በመነጽር ይጠብቁ።

አሁን ወደ ቦዩ እንምጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ወርቅ አያስፈልግም፤ ለስላሳ ብረት ላይ መዳብ መሰንቀር ይበቃል። ከኤሌክትሪክ ገመድ ፕላስቲኩን ልጠው ሽቦውን ያውጡ፣ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን በእሳት ያግሉት፣ ውኃ ውስጥ ይንከሩት፤ እንደ ክር ይለሰልሳል። ሽቦው 0.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው የቦዩ ስፋት ያንኑ ያህል፣ ጥልቀቱ 0.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን። ጎኖቹ ቀጥ ያሉ፣ ወለሉ ጠፍጣፋ ይሁን።

የጥበቡ ምሥጢር ያለው ከዚህ በኋላ ነው። በቀጭን መሮ የቦዩን ግድግዳዎች ከሥራቸው ወደ ውጭ ይፈልፍሉ። ቦዩ እንደ እንስራ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ መሆን አለበት። ወለሉንም በመሮው ጫፍ እዚህም እዚያም ጫር ጫር አድርገው ትንንሽ ጥርሶች ያስነሡ። ሽቦውን ከአንድ ጫፍ ጀምረው ያስገቡና አናቱን በነሐስ መምቻ ቀስ በቀስ እየመቱ ይሂዱ፤ መምቻው ነሐስ ከሆነ ዙሪያውን ያለውን ብረት አያቆስልም። ሽቦው ሲመታ ወደ ጎን ይንሰራፋል፣ ሆዱን ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ በጠባቡ አፍ መመለስ አይችልም። እንደዚያ ሥጋ ተሰነቀረ ማለት ነው።

የተረፈውን በሞረድ ያስተካክሉ፤ ከዚያም ብርጭቆ ወረቀቱን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ለብጠው ይፈግፍጉት። በጣት ብቻ ከፈገፈጉት ለስላሳው ሽቦ ከብረቱ ቀድሞ ይበላና ይጎደጉዳል። ጫፉ ብድግ ካለ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጠረጠረው አንድ ነገር ነው፦ የቦዩ ጫፍ ከሥሩ ሳይፈለፈል ቀርቷል። ወደ ወርቅ የሚሻገር ሰው ባለ 24 ካራቱን ይምረጥ። ባለ 18ቱ ሌላ ብረት ስለተደባለቀበት ይጠነክራል፤ በመዶሻ ሥር እንደ ንጹሑ አይንሰራፋም።

በአነጋገር ቃሉ እንዲህ ይገባል፦ «እጀታው ላይ ብር ሰነቀረበት»፣ «ስንቅሩ ጫፉ ተነሥቷል»፣ «ይህ ቅብ ነው ወይስ ስንቅር?» በተለይ የመጨረሻውን ጥያቄ ጌጥ የሚገዛም፣ በሙዚየም ዕቃ የሚመዘግብም ሊጠይቀው ይገባል።

ቃል ሥራን ይመራል። «ልባጥ» ብሎ የተማረ ልጅ ከላይ ማልበስን ያስባል፤ «ስንቅር» ብሎ የተማረ ከሥር መፈልፈልን አይረሳም። ይህን ቃል የመረጥነው ስለዚህ ነው። አንጥረኞች ሆይ፣ ከአባቶቻችሁ የወረሳችሁት የተሻለ ስም ካላችሁ ንገሩን፤ ከመዶሻው ሥር የወጣው ቃል ወረቀት ላይ ካለው ቃል ይበልጣልና እሱኑ እንጽፋለን።