ዘዴ የማን ነው?

ቦንጋ ውስጥ ስለ ፓተንት ወሬ ከተነሳ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ቡና ላይ ነው የሚያርፈው። እኔ ግን ዛሬ ከሶፍትዌር ልጀምር፤ ጫካው ጋ መድረሳችን አይቀርም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ አዋጆቹን በእኛ ነው የምጽፈው።

በ1973 የተፈረመው የአውሮፓ ፓተንት ስምምነት አንቀጽ 52 የኮምፒውተር ፕሮግራምና የንግድ ሥራ ዘዴ «በራሳቸው» ፈጠራ አይደሉም ይላል። ጣጣው ያለው «በራሳቸው» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። በእሷ ቀዳዳ ብዙ የሶፍትዌር ፓተንት ሾልኮ ገባ። በ2002 የአውሮፓ ኮሚሽን ጉዳዩን በመመሪያ ለመቋጨት ረቂቅ ሲያቀርብ ፕሮግራመሮችና ትንንሽ ድርጅቶች ተነሱበት። ጁላይ 6 ቀን 2005 ፓርላማው ረቂቁን 648 ለ14 በሆነ ድምፅ ጣለው።

የእኛስ? አዋጅ ቁጥር 123/1987 አንቀጽ 4 የኮምፒውተር ፕሮግራምን፣ የንግድ ሥራ ዘዴንና የዕፅዋት ዝርያን ፓተንት ከማይሰጣቸው መካከል አስቀምጧቸዋል። ያውም ከአውሮፓው ድምፅ 10 ዓመት ቀድሞ። ኮድ የምትጽፉ ልጆች፣ ሥራችሁን የሚጠብቀው የቅጅ መብት አዋጅ 410/1996 ነው፦ ኮዳችሁን መገልበጥ ክልክል ነው፤ ሐሳቡን ወስዶ በራስ መንገድ መሥራት ግን ይቻላል።

የአገር ሕግ ግን ድንበር ላይ ይቆማል። በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ለተባለ የኔዘርላንድስ ድርጅት በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት ሰጠ። ፍሬ ነገሩ ምን መሰላችሁ? ጤፉን ከታጨደ በኋላ አቆይቶ መፍጨት፣ በዱቄቱም መጋገር። እንዴ! ይሄ ለማን አዲስ ነው? ድርጅቱ በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር የጥቅም መጋራት ውል ፈርሞ ነበር። በ2009 ከሰረና ውሉ ወረቀት ሆኖ ቀረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ድርጅት ተሻገረ። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት «ፈጠራ የለበትም» ብሎ የኔዘርላንድሱን ፓተንት ሻረው። የሚገርመው፣ ተከራክሮ የረታው ቤከልስ የተባለ ሌላ የዳቦ ግብዓት ድርጅት እንጂ ኢትዮጵያ አይደለችም።

አሁን ወደ ጫካው። በ1964 የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ተልእኮ ከኢትዮጵያ የቡና ዘር ሰብስቦ ነበር፤ ካፋም ከተዞረባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ዘር ከበቀሉ 3,000 ያህል ዛፎች መካከል በተፈጥሯቸው ካፌይን የሌላቸው ለማለት የሚቻል ሦስት ዛፎች አገኙ። ዘሩ እንዴት ወጣ፣ ጥቅሙስ የማን ነው የሚል ክርክር ወዲያው ተነሳ።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ፓተንት ለማስቀረት ነገሩ ቀድሞ የታወቀ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ለማረጋገጥ ደግሞ ቀን ያለው ማስረጃ ያስፈልጋል። የካፋ አዛውንቶች ስለ ጫካ ቡና የሚያውቁት አብዛኛው በቃል ነው። ጽፈን እንበትነው ቢባል ሌላው በነፃ ይወስደዋል። አዋጅ 482/1998 ለዚህ ነው የማህበረሰብ ዕውቀት ያለ ማህበረሰቡ ፈቃድ አይወሰድም የሚለው። ስለዚህ ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ከመጀመር በፊት ቁጭ ብሎ ከባለቤቶቹ ጋር መመካከር ይቀድማል፦ የትኛው ይጻፍ፣ የትኛው እኛው ዘንድ ይቆይ?