«ጥቁር ቀዳዳ» ወይስ «መቀመቅ»?

በአዳማ ስለ ሩቅ ሰማይ በሚጨዋወቱ ተማሪዎች ዘንድ «የጥቁር ቀዳዳ ሲስተም» የሚል አነጋገር እየተለመደ መጥቶ ጆሮን ይቧጥጣል። ቀዳዳ በነጠላ ወይም በጆንያ ላይ የሚገኝ፣ በአንዱ ወገን የገባው በሌላው የሚወጣበት ነውና፣ የገባው ሁሉ፣ ብርሃን እንኳ ሳይቀር፣ የማይመለስበትን ነገር በዚህ ስም መጥራት የጠባዩን ተቃራኒ መናገር ነው። «ጥቁር ጉድጓድ» የሚሉት በመጠኑ ይሻላሉ፤ ዳሩ ግን ጉድጓድ ወለል አለው፤ ከስምጥ ሸለቆአችን ሐይቆች ሁሉ ጥልቅ የሆነው ሻላ እንኳ 266 ሜትር ያህል ገመድ ቢወርድለት መሬቱ ይነካል። ሁለቱም ቢሆኑ ጆን ዊለር በ1967 እ.ኤ.አ. ያስፋፋው የእንግሊዝኛ ስም ግልባጭ ናቸው፤ እርሱ በቋንቋው የመረጠውን እኛ ቃል በቃል የመከተል ዕዳ የለብንም።

«ዐዘቅት» የሚል የግእዝ ወዳጅ ቢነሣ ሐሳቡ አይናቅም፤ ነገር ግን ዐዘቅት የውኃ ጉድጓድ ስለ ሆነ ይቀዳበታል። እኔ የማደላው ለ«መቀመቅ» ነው። ወርዶ የቀረውን «መቀመቅ ወረደ» እያለ የሚናገር ሕዝብ፣ ጥልቀቱንም ጨለማውንም አለመመለሱንም በአንድ ቃል ስለሚያስተውል፣ «ጥቁር» የሚል ቅጽል መጨመር አያሻም። «መቀመቀ ሲኦልን ያስታውሳልና ለሳይንስ አይሆንም» ለሚሉ መልሱ ቅርብ ነው፦ በጸሎት የምንጠራው «ኃይል» ቆቃ ግድብ ከተመረቀበት ከ1952 ዓ.ም. አስቀድሞም ቢሆን የኤሌክትሪክ ስም ሆኖ አላስቀየመንም፤ ሰማዕቱ ጊዮርጊስ የተሠቃየበት መንኰራኩርም ዛሬ ወደ ጠፈር ይመጥቃል።

ደግሞ ቃሉ ከሌላ ቃል ጋር ይናበባል። «ሥርዓተ ፀሐይ» እንዳልን «ሥርዓተ መቀመቅ» እንላለን፤ አልፈውት የገቡ የማይመለሱበትን ድንበር «አፈ መቀመቅ» ብንለው ማን ይስታል? ጋያ በተባለችው የአውሮፓ መንኰራኩር ምልከታ በ2015 ዓ.ም. የታወቀው ሥርዓተ መቀመቅ ከእኛ 1,560 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ ግዝፈቱ ፀሐይን 10 ጊዜ ያህል የሚበልጠውን መቀመቅ አንዲት ፀሐይ መሰል ኮከብ በ186 ቀን ገደማ ትዞረዋለች።

ፈለክ ግን በመቀመቅ ዙሪያ እስካሁን አልታየም። ኬይቺ ዋዳ የተባሉት ጃፓናዊ ሊቅና ባልደረቦቻቸው በታላላቅ መቀመቆች ዙሪያ ካለው አቧራ ፈለኮች ሊወለዱ እንደሚችሉ በስሌት አሳይተው፣ በእንግሊዝኛ «ብላኔት» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። የአማርኛ ጆሮ ከዚህ ስም የሚሰማው «ብላ» የሚለውን ትእዛዝ ብቻ ነው፤ (ለመቀመቅ ጠባይ ባይከፋም!) ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2012 ዓ.ም. «ቡና» የተባለውን ኮከብ የሚዞረውን ፈለክ «አቦል» ብሎ ሲመዘግብ ካላፈረ፣ እኛም «ፈለከ መቀመቅ» ለማለት አንፈር።